መርዶ እንዲነግሩልን ስለ መጠየቅ

አዲስ አበባ፣ ሰኔ 1982 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አባይነህ ወርቅአፈራሁ
የቴሌቪዥን ከፍተኛ የፖለቲካ ዜና ዘጋቢ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉሮሮዎስ ተሻለዎት? ባለፈው ሳምንት ዜና ሲያቀርቡ ደጋግመው ሲያስሉ ሰምተን እኔም ባለቤቴም ተጨንቀናል፤ እሷማ "ዝንጅብል በማር አፍልተው እንዲጠጡ የሚነግርልኝ ሰው ባገኝ" እያለች እስከ ዛሬ ትቆጫለች። ለጤናዎ የምናስበው ለወጉ ያህል አይደለም። እርስዎ በእኛ ቤት ውስጥ የያዙት ቦታ ትልቅ ነው፤ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ከዚህ በታች በተራ በተራ ስለምገልጽ፣ ደብዳቤው ቢረዝምብዎት እንዲታገሡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ የእሪ በከንቱ ነዋሪ፣ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ምናልባት ያስታውሱኝ ይሆናል፤ አምስት ኪሎ አጠገብ በነበረው ትምህርት ቤታችን ሰባተኛ ክፍል ሳሉ አስተምሬዎታለሁ። ያን ጊዜ "አንተ አባይነህ" እልዎት ነበር። ዛሬ አንቱ የምልዎት የዕድሜያችን ተራ ተገልብጦ አይደለም፤ ሰው በየማታው ቤታችን እየገባ ያለ ጠያቂ ሲያወራልን ይህን ያህል ዘመን ከቆየ በኋላ አንተ ማለት ስለሚከብድ ነው።

ግልጽ ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አልነበረም። ነገር ግን ከእንግዲህ ማንም ዜጋ ቅሬታውን በአደባባይ ቢያቀርብ የሚነካው እንደሌለ በዚህ ዓመት በዜና የነገሩን እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ አምኜዎት ጽፌአለሁ። ጋዜጣ ባያወጣው በእድራችን ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ምናልባት ነገሩ እርስዎ እንዳሉት ሳይሆን ቢቀር እንኳ ስለ እኔ አይስጉ፤ ጡረተኛን ከሥራ ማባረር አይቻልም፤ ከእኔ የሚወሰድ ሌላ ነገር ቢኖር ደግሞ አስቀድሞ ተወስዷል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ተማሪዎቼን ሐሳባችሁን በቁጥር ለዩ እያልኩ ሳስጨንቅ ስለኖርኩ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሥራ ዘመንዎ።

ለሃያ አምስት ዓመት አገልግሎትዎ ሜዳሊያ ሲሸለሙ በቴሌቪዥን አይቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ይገባዎታል። ሥራዎን እንደ እኔ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተከታተለ ሰው ብዙ አይመስለኝም። ቴሌቪዥን በአገራችን በተከፈተ ሰሞን ፒያሳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ በመስታወቱ ውስጥ ከፍቶት፣ እኛ ከውጭ ቆመን በሰው ትከሻ ላይ እያየን ሳለ እርስዎ ብቅ አሉ። ከአጠገቤ ለቆመው ሁሉ፣ ለማላውቀው ሰው ሳይቀር፣ "ይህ እኮ የእኔ ተማሪ ነው" አልኩ። ክራባትዎ አንገትዎን አንቆታል፤ ድምፅዎ ግን ክፍል ውስጥ ተነሥተው ሲያነቡ የነበረው ያው የልጅነቱ ድምፅ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የወረድኩት ራሴ የተሸለምኩ ያህል እየተሰማኝ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አስተምረውናል። በ1966 ክረምት "ግርማዊ" ሲሉ የሰማንዎት ሰዎች፣ በመስከረም ከዚያው አንደበት "አድኃሪው ዘውዳዊ አገዛዝ" ሲወጣ ሰምተን፣ ድምፅዎ አለመሰንጠቁን አድንቀናል። እኔ አሮጌ ካፖርት ስቀይር እንኳ ለጥቂት ቀን ይጨንቀኛል። ክራባቱ ወልቆ ካኪው ኮት እስከ አንገት ሲቆለፍም ያው ረጋ ያለ ፊት ነበር። በየጉባኤው ደግሞ ጭብጨባውን "ከፍተኛ ጭብጨባ፣" "የማያቋርጥ ጭብጨባ፣" "ወደ ሆታ የተለወጠ ጭብጨባ" እያሉ በደረጃ ሲያስረዱን፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ ዝናብ ሳስተምር እንዲህ አጥርቼ ለመከፋፈል አለመቻሌ አሳፍሮኛል። ይህ ሁሉ ምስጋና ነው። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊልሙ።

ያለን አንድ ልጅ ነው። ከተጋባን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጎረቤቱ ተስፋ ቆርጦ መጠየቁን ከተወ በኋላ፣ ሲወለድ እናቱ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ዘገዬ አለችው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤቱን ሲጠብቅ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ። በኅዳር 1980 እርስዎ ወደ ሰሜን ግንባር ወጥተው ከወታደሮቹ መካከል ቆመው ያቀረቡትን ዘገባ፣ ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ባዋጡልኝ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን እያየን ነበር። ወታደሮቹ ክብ ሠርተው፣ ከኋላቸው ማሽላ በቆመበት ሜዳ ላይ፣ ይጨፍራሉ። ከግራ ሁለተኛው ዘገዬ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የጎረቤታችን የአቶ ገብረአብ ልጅ አታክልቲ አለ፤ ሁለቱ አብረው ያደጉ፣ አብረው የተጠሩ ናቸው።

ባለቤቴ እልልታዋን ለቀቀችው። ጎረቤት ደንግጦ "ምንድነው፣ ልትድሩ ነው እንዴ?" እያለ መጣ። ዘገባው ካለቀ በኋላም ቤቱ ሞልቶ፣ አንዱ "ጠቁሯል" ሲል ሌላው "የለም፣ ወፍሯል" ሲል አመሸ። ስለዚያች ምሽት አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ምስጋናዎች ውስጥ ከጀርባዋ ሌላ ነገር የሌለባት ይህች ብቻ ናት፤ እንዳትምታታብዎት ለይቼ ጻፍኳት።

ሦስተኛ፣ ስለ ማሽላው።

የዘገዬ ደብዳቤ ከታኅሣሥ በኋላ ቆመ። በመጋቢት ፒያሳ ላይ ሰው ለሰላምታ ተጠግቶ ሲለያይ ፊቱ እየተለወጠ፣ ስለ ግንባሩ የሚወራው ወሬ ከፋ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ እንቅልፍ አጣች። በሚያዝያ አንድ ማታ እርስዎ ብቅ ብለው፣ የጀግናው ሠራዊታችን የትግል መንፈስ ከምንጊዜውም በላይ መሆኑን "በዚህ ሳምንት ከግንባር የደረሰን ፊልም" እንደሚያሳይ ነገሩን። ክቡ ተሠራ፤ ጭፈራው ተጀመረ፤ ከግራ ሁለተኛው ልጃችን ነው። ባለቤቴ መሬቱን ሳመች።

እኔ ግን ከኋላቸው ያለውን ማሽላ አየሁ። ራሱ ከብዶት ያዘነበለ፣ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላ ነው። በዚያ አገር በሚያዝያ መሬቱ ተራቁቶ ዝናብ እንደሚጠብቅ፣ እንዲህ ያፈራ ማሽላ የሚታየው በኅዳር እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አያሻም፤ ሰባተኛ ክፍል አስተምሬዎታለሁ፣ በፈተናም ላይ ወጥቶ በትክክል መልሰውታል። እኔ ማሽላውን ሳይ እሷ ልጇን አየች። ከመሬት ደግፌ አነሣኋት።

ከዚያ በኋላ ፊልሙ ብዙ ጊዜ መጣ። አንድ ቦታ ተያዘ ሲሉን ዘገዬ ይጨፍራል፤ ሠራዊቱ ለስልት ሲባል አንድ ቦታ ለቀቀ ሲሉንም ዘገዬ ይጨፍራል። በዓል ሲሆን ይጨፍራል። በ1981 ጨፈረ፤ ዘንድሮም ጨፈረ። ባለቤቴ "አይገርምህም፣ እዚያ ሆኖ እንኳ አልተለወጠም" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ልጃችን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላረጀም።

ተማሪ ሳሉ በመስኮት አሻግራችሁ የምታዩትን ብቻ ጻፉ፣ ያላያችሁትን አንዲት ቅጠል እንኳ እንዳትጨምሩ ብዬ አዝዤ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ጽፈው ጨረሱ። እርስዎ ብዕርዎን ሳያነሡ ረጅም ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከቱ። እኔም ይህ ልጅ ሳያይ አይጽፍም ብዬ ለባለቤቴ ማታ አወራሁላት። ዛሬ ዘገባዎን አምና ስትቀመጥ፣ ምስክርነቱን የሰጠኋት እኔ መሆኔ ይሰማኛል።

አራተኛ።

ይህን ቁጥር ጽፌ ሰርዤዋለሁ። በ1970 ከተማችን ፍጹም ሰላም መሆኗን በሚነግሩን ሰሞን፣ ጠዋት ስም ስጠራ "አቤት" የማይሉኝ ተማሪዎች እየበዙ ስለ መሄዳቸው ነበር። ስለ እነሱ የሚጽፉ እናቶች አሏቸው። እኔ የመጣሁት በአንዷ እናት ጉዳይ ብቻ ስለሆነ ወደ አምስተኛው እሻገራለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ አታክልቲ እግር።

አታክልቲ በ1981 ማብቂያ ላይ ከወታደር ሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የለም። በክራንቹ እየተደገፈ ሲሄድ በእኛ በር በኩል ያለውን አቋራጭ ትቶ ዳገቱን ይዞራል። ሰው የሚያውቀውን ይዞ ከሚያውቀው በር የሚሸሸው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም አልጠየቅሁትም። ባለቤቴ ሄዳ ስትጠይቀው "ተለያየን፣ ክፍላችን ሌላ ሆነ" ብሏታል።

በየካቲት አንድ ማታ ከፒያሳ ዝቅ ብላ ባለችው በወይዘሮ ረሂማ ሻይ ቤት ተቀምጠን ዜናው ተጀመረ። እርስዎም "ዛሬ ማለዳ በግንባር" ብለው ፊልሙን አመጡት። ክቡ ተሠራ፤ አታክልቲ በሁለት እግሩ ዘሎ ገባ። የሁሉም ዓይን ክራንቹን አጠገቡ አቁሞ ሻይ ወደሚጠጣው አታክልቲ ዞረ። የአራዳ ልጅ ግን ቀልድ አያልፈውም፤ ጥግ የተቀመጠ አንዱ ጎረምሳ፦

"አንተ አታክልቲ! ጠዋት እዚያ ስትጨፍር ውለህ አሁን እዚህ ሻይ? በምን መጣህ፣ በአንቶኖቭ?" አለው።

አታክልቲ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፦ "እኔ ብቻዬን ነው የመጣሁት። እግሬን ግዳጅ ላይ ትቼዋለሁ። ይኸው አይታይህም? አሁንም እየጨፈረ ነው" አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወይዘሮ ረሂማ ሳይቀሩ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መቆሚያ አጣ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

"ጋሼ፣ ይህ እኮ በኅዳር ነው። ገና ወደ ፊት ሳንገፋ። ዘገዬ በመጋቢት ነው የወደቀው፤ ከጎኔ ነበር፤ ዓይኑን የከደንኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፣ በእርስዎ በር ማለፍ አቅቶኝ ነው" አለኝ።

ወይዘሮ ረሂማ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። የልጄን ሞት የሰማሁት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ እርስዎ በሕይወት አለ እያሉኝ፣ በእርስዎ ዜና መካከል። አታክልቲን ይዤው ወጣሁ። ለእሱ ዳገቱ ከበደው፣ ለእኔም እንዲሁ፤ ማን ማንን እንደ ደገፈ አላውቅም።

ስድስተኛ፣ ስለ ሽማግሎቹ።

ለእርስዎ ስለ ዜና ሥራ ማስረዳት ድፍረት ነው። ነገር ግን በእኛም ሰፈር ዜና የሚያደርሱ ሰዎች አሉ፤ የሚያደርሱትም መርዶ ነው። ባልደረቦችዎ ስለሆኑ አሠራራቸውን ባጭሩ ልንገርዎት። ከመምጣታቸው በፊት እውነት መሆኑን አጣርተው ያረጋግጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ ባለ ጉዳይዋ ብቻ አትሰማም፤ እስከዚያው ሕፃን እንኳ አፉን ይይዛል። ይህን ግልጽ ደብዳቤ ያለ ስጋት የምለጥፈውም በዚሁ ልማድ ተማምኜ ነው፤ ባለቤቴ ጽሑፍ አታነብም፣ የሚያነብላት ጎረቤትም የለም። ቀኑ ሲደርስ ጎሕ ሳይቀድ ተሰብስበው ይሄዳሉ፤ የሚናገሩትም አንድ ነገር ብቻ ነው። ከተናገሩ በኋላ ደግሞ አይሄዱም። ይህ የመጨረሻው ከእርስዎ አሠራር ለየት ስለሚል አሰመርኩበት።

የእድራችን ዳኛ አቶ ገብረዮሐንስ፣ የነፍስ አባታችን መምሬ ገብረክርስቶስና ሁለት እናቶች በአንድ ማለዳ መጡ። በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው በሩ ላይ ያየ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ባለቤቴም አየቻቸው፤ በሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ቀና አለችና፦

"ምነው ሰዎች፣ ማለዳ ማለዳ? ዘገዬን ልትሉኝ ነው እንዴ? ውይ፣ ያስደነገጣችሁኝ! ትናንት ማታ እኮ አየሁት። ደህና ነው፤ ያው ነው፤ ይጨፍራል" አለች።

እውነት ነው፤ በዋዜማው ማታ አሳይተዋታል። አቶ ገብረዮሐንስ ሊመለሱ ወደ ደጅ ዞሩ። እሷ ግን "ቁርስ ሳትቀምሱማ አትወጡም" ብላ ፍርፍር ሠርታ አቀረበች። መርዶ ይዘው የመጡት ሽማግሎች ተቀምጠው ፍርፍር በሉ። መምሬ ገብረክርስቶስ ለቤቱ ምርቃት ሰጡ፤ ሲመርቁ "ልጃችሁን በሰላም" እስከሚለው ድረስ መጥተው ድምፃቸው ተቋረጠ፤ እሷም "አሜን" ብላ ጨረሰችላቸው።

በር ድረስ ስሸኛቸው አቶ ገብረዮሐንስ፦ "መምህር፣ እኔ ብዙ ሰው ቀብሬአለሁ፤ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ሰው ግን እንዴት እንደሚቀበር አላውቅም" አሉኝ። መምሬም፦ "እናቱ አለ እያለች እኔ እንዴት ፍትሐት እፈታለሁ? እሷ ትመን፣ እኔ ዝግጁ ነኝ" አሉ። አርባውና የመጀመሪያው ሙት ዓመቱ ሳናውቅ አልፈውት ነበር፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሙት ዓመቱም ያለ ጸሎት አለፈው።

አታክልቲን ራሱን አምጥቼ በፊቷ አስቀመጥኩት። እያለቀሰ ነገራት። አቅፋ አባበለችው። "አይዞህ ልጄ፣ ያየኸው ሌላ ነው። በዚያ ጭስ ውስጥ ማን ማንን ይለያል? ጓድ አባይነህ እኮ አጠገቡ ቆመው ነው የሚያወሩት። እሳቸው ይዋሻሉ እንዴ?" አለችው። አታክልቲ ወደ እኔ ተመለከተ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለዎት እርስዎ ነዎት።

ሰባተኛ፣ ስለ ሙሽራይቱ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኼኛው ነው። በግንቦት አንድ ቀን ባለቤቴ እነዚያኑ ሽማግሎች ጠራቻቸው። በዚህ ጊዜ የጠራችው እሷ ናት። ነጠላዋን አሳምራ ለብሳ አስቀመጠቻቸውና፣ ዘገዬ ዕድሜው ስለ ደረሰ፣ ሰላሙ ሲወርድም መመለሱ ስለማይቀር፣ ከወዲሁ የአምስት ኪሎዋን የወይዘሮ ምብራትን ልጅ ዓለምጸሃይን እንዲጠይቁላት ለመነቻቸው። "ልጄን እንዳትረሱብኝ" አለቻቸው። መርዶዋን ተሸክመው የሚዞሩትን ሰዎች ነው ሚስት ጠይቁልኝ ብላ የለመነቻቸው። እነሱም "ክረምቱ ይውጣ" ብለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ወጡ።

ዓለምጸሃይ ታውቃለች። ልጆች ሳሉ ይተዋወቁ ነበር፤ ከዚያም በላይ ሳይሆን አይቀርም፤ አልጠየቅሁም። ባለቤቴን መንገድ ላይ ስታገኛት ጎንበስ ብላ ትስማትና "ደህና ነው?" ትላታለች። ባለቤቴም "ደህና ነው፣ ትናንት አየሁት" ትላለች። ልጅቱ ጥግ እስክትታጠፍ ድረስ ፊቷን ትይዛለች።

ክረምቱ ይወጣል፤ ሽማግሎቹም ምክንያት ያልቅባቸዋል። ያን ጊዜ አንድም ለሞተ ልጅ ሚስት ሊጠይቁ ይሄዳሉ፣ አንድም ለእናቱ ይነግሯታል፤ እሷ ደግሞ እነሱን አታምንም። አባት ነኝ፣ ባሏ ነኝ፣ ስንት ዓመት አብሬአት ኖሬአለሁ፤ እኔንም አታምንም። "አንተ ሁልጊዜ ክፉውን ታስባለህ" ትለኛለች። በዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ የምታምነው አንድ ሰው ነው።

ስለሆነም፣ የተከበሩ ጓድ፣ የምጠይቅዎት ይህን ነው። ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት በመረጡት ቀን፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ እኛ ቤት ይምጡልን። ሽማግሎቹ ጊዮርጊስ ቅጽር በር ላይ ይጠብቁዎታል፤ መምሬ አብረውዎት ይወርዳሉ፤ ቁልቁለቱ በዝናብ ስለሚያዳልጥ ቀስ ይበሉ። ካኪውን ኮት ይልበሱ፤ ያለ እሱ ላታውቅዎት ትችላለች። ከዚያ እንደ ልማድዎ ቀና ብለው ቆመው፣ በዚያ ሁላችንም በምናውቀው ድምፅ፣ "ወይዘሮ ሰርክአዲስ፣ ልጅዎ ዘገዬ ገብረትንሣኤ በመጋቢት 1980 ግንባር ላይ ዐርፏል፤ ያዩት ፊልም አሮጌ ነው" ይበሏት። አጭር ነው። ካነበቧቸው ዜናዎች ሁሉ ያጥራል። ማስተካከያ ካስፈለገው ያስተካክሉት፤ "ዐርፏል" በሚለው ምትክ ግን "ተሰውቷል" እንዳይሉ አደራ፤ እሷ የምታለቅሰው ለልጇ ነው።

ሃያ አምስት ዓመት ያጠራቀሙት እምነት ነው። የሰው እምነት በከንቱ እንዳይቀር፣ ለአንዲት ማለዳ እንኳ ለእውነት ቢውል ምን ይመስልዎታል?

ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ይቀመጣሉ። ይህ ለእርስዎ አዲስ ሊሆን ስለሚችል ቀደም ብዬ ላስረዳዎት። ዜናው ካለቀ በኋላ ሙዚቃ የለም፤ የአየር ጠባይ ዘገባም አይከተልም። እሷ ትጮኻለች፤ ደረቷን ትደቃለች፤ ምናልባት ኮትዎን ትይዛለች። ኮትዎን አያስለቅቋት። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ሰው ይመጣል፤ እርስዎንም አውቆ ያይዎታል። ማንም ክፉ ቃል እንደማይናገርዎት በሽማግሎቹ ስም ቃል እገባለሁ፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው እንግዳችን ነው። ንፍሮ ይቀርብልዎታል፤ ይቅመሱ። ምናልባት በዚያን ዕለት እኔም ማልቀስ እችል ይሆናል። ከየካቲት ጀምሮ በየማታው አጠገቧ ተቀምጬ፣ ፊልሙ ሲመጣ "አዎ፣ ደህና ነው" ስል ከርሜአለሁ፤ ባል ሚስቱ ሳታውቅ ብቻውን የሚያለቅስበት ጓዳ በእኛ ቤት የለም።

በመጨረሻም፣ በየማታው በፊታችን ቀርበው ያለ መታከት ስለሚያስረዱን፣ እናት በልጇ ተስፋ እንዳትቆርጥ አድርገው ስለ ደገፉልን፣ ሞት የማይደፍረውን ሠራዊት ስላሳዩን፣ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጉሮሮዎን ይማርልን፣ ሜዳሊያዎን በጤና ያንጠልጥሉት፣ ልጆችዎንም እግዚአብሔር በዓይን በሚታዩበት፣ በእጅ በሚዳሰሱበት ያቆይልዎት እያልኩ፣ ከእሪ በከንቱ በትሕትና እጅ የምነሣ፣

የቀድሞ መምህርዎ
ገብረትንሣኤ ወልደሰማያት

ግልባጭ፦
ለእድራችን ዳኛ፣
ለመምሬ ገብረክርስቶስ፣
ለአታክልቲ ገብረአብ፣
ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ።
ለወይዘሮ ሰርክአዲስ ግልባጭ አልተደረገም።

ከፊርማዬ በኋላ፦ ሲመጡ ካሜራ አያስፈልግም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤትዎ ካለ አንድ ነገር ይዘውልኝ ቢመጡ። በፊልሙ ማብቂያ ላይ ዘገዬ ከክቡ ወጥቶ፣ እርስዎ በዘረጉለት ማይክሮፎን ላይ አንድ ነገር ይናገራል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን ስለ ሠራዊቱ የትግል መንፈስ የሚያወራው የእርስዎ ድምፅ ነው። እናቱ "እማዬ ነው ያለው" ትላለች፤ እኔ ከንፈሩን ስከታተል ከዚያ ይረዝምብኛል። አታክልቲን ጠየቅሁት፤ "እያጨበጨብኩ ነበር፣ ጋሼ፤ አልሰማሁትም" አለኝ። በዚያ ቀን የሰማው እንግዲህ እርስዎ ብቻ ነዎት። ድምፁ ተቀድቶ ተቀምጦ እንደሆነ ያምጡልን፤ ጠፍቶም እንደሆነ ያለውን በቃል ይንገሩን። አምጥተው ሲያሰሙን ግን እባክዎን፣ ጓድ አባይነህ፣ ለአንድ ጊዜ ዝም ይበሉና ልጄ ይናገር።